የግቢው ኤሊ ከየት መጣ?

በአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ውስጥ የተጣሉ እንስሳትን የሚሰበስቡ መጠለያዎችን ምን እንዳስቸገራቸው ብትጠይቋቸው ሱልካታ ይሏችኋል። ሱልካታ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ባለው ደረቅ ምድር የሚኖር፣ ከደሴት ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም ትልቁ የየብስ ኤሊ ነው። ሲገዛ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ሲያድግ ከ40 ኪሎ በላይ ሆኖ አጥር ሥር ጉድጓድ ይምሳል፣ የጎረቤት ሣር ይጨርሳል። በዚያ ደረቅ ምድር፣ በሳህል፣ እየተመናመነ ያለ እንስሳ በአሪዞናዋ ከተማ በፊኒክስ ጓሮ ወሳጅ አጣ።

እነዚህ በአብዛኛው ከዱር የተያዙ ሳይሆኑ እዚያው የተፈለፈሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት በሮች ተዘግተዋል። አንደኛው፣ ሳይቲስ የሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ከዱር ተይዞ ለንግድ የሚወጣውን ሱልካታ ኮታ ዜሮ አደረገው። ሁለተኛው፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሱልካታንና ሌሎች ሁለት የአፍሪካ ኤሊዎችን ወደ አገሩ እንዳይገቡ ከለከለ። ከሁለቱ አንዱ በእኛ ቆላ የሚታየው፣ ቢጫና ጥቁር ዥጉርጉሩ ኤሊ ነው። የአሜሪካው እገዳ ለኤሊው ታዝኖ አይምሰላችሁ፤ ለከብቱ ነው። በኤሊ ቅርፊት ሥር ተጣብቆ የሚጓዘው መዥገር ኸርትዎተር የተባለውን፣ በልብ ዙሪያ ውኃ የሚቋጥርና ከብት፣ በግና ፍየል የሚፈጅ በሽታ ሊያስገባ ይችላል።

ስለዚህ ለእረፍት አገር ቤት ሄዶ «ለልጆቼ አንዲት ትንሽ ኤሊ» የሚል ሰው ከሁለቱም ወገን ይያዛል። ኤሊዋን ከኢትዮጵያ ለማውጣት የሳይቲስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ቢገኝ እንኳ አሜሪካ አትገባም። በሳይቲስ ለግል ዕቃ የሚደረገው ልዩ አስተያየትም በሕይወት ያለ እንስሳን አይጨምርም። እስስትም እንደዚሁ ያለ ፈቃድ አይወጣም። በዚያ ላይ ሌሲ አክት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ ሕግ አለ፤ በመጣበት አገር ሕግ ተጥሶ የተያዘን እንስሳ ማስገባትም መሸጥም ወንጀል ነው። አውሮፓ ኅብረት ግን ይህን የመሰለ አጠቃላይ ሕግ ሳይኖረው ኖሯል። እንስሳው በሳይቲስ ዝርዝር ውስጥ ካልገባ፣ በትውልድ አገሩ የተጠበቀ ቢሆንም እዚያ በገሃድ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ የተዋወቀውና ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሌለው የደጋ ደን እፉኝት ለረጅም ዓመታት ከዝርዝሩ ውጭ ነበር። እፉኝት ሰብሳቢዎች እጅ የገባውም በዚሁ ክፍተት ነው።

ወረቀት አለ ማለት ነገሩ ንጹሕ ነው ማለትም አይደለም። የሳይቲስ ፈቃድ ላይ እንስሳው ከየት እንደተገኘ የሚገልጽ አንድ ፊደል አለ። ደብልዩ ከሆነ ከዱር፣ ሲ ከሆነ በእርባታ ከተያዙ ወላጆች የተወለደ፣ አር ከሆነ እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ ከዱር ተወስዶ ያደገ ነው። ነጋዴው የሚጫወተው በቃላት ነው። እርጉዝ ሴት ከዱር ይዞ እንቁላሏን ሣጥን ውስጥ ያስፈለፍልና ጫጩቶቹን «በእጅ የተፈለፈሉ» ይላቸዋል። አልዋሸም፤ እናቲቱ ግን ከዱር ጎድላለች። ገዢ የወላጆቹን ፎቶና የተፈለፈሉበትን ቀን ይጠይቅ። ሻጩ ካጉረመረመ፣ ወይም እስስቱ ዓይኑ ሰርጉዶ አፍንጫው መስተዋት በመግፋት ከተላጠ፣ መልሱ ተገኝቷል።

አገር ቤትስ? ሕጉ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ቢያንስ ከአዋጅ ቁጥር 541/1999 ጀምሮ ክልክል ነው። ነገር ግን ኤሊ በሆቴልና በመኖሪያ ግቢ ሲንጎራደድ እንደ አበባው የግቢ ጌጥ ይቆጠራል፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እስስትን ያየ ድንጋይ ያነሳል፣ ኤሊን ያየ ዳቦ ይወረውራል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ ዳቦ ነው። የእነዚህ ኤሊዎች ሆድ የተሠራው ለሣርና ለድርቆሽ ነው። ዳቦ፣ እንጀራና የሥጋ ትርፍራፊ ሆዱን ያበላሻል፤ የበዛ ፕሮቲን ደግሞ ኩላሊቱን ይጎዳል። የቆላ ኤሊ የብርዱን ወራት በረጅም እንቅልፍ አያሳልፍም። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ አፍንጫው አረፋ ይደፍቃል፤ የሳምባ ምች ነው። ቅርፊቱን በስተው በገመድ የሚያስሩም አሉ፤ ቅርፊት ግን ነርቭና ደም ያለው አጥንት ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግነት መርፌ ነው። መዥገር የታየበት ኤሊ ለፍየል የሚሰጠውን አይቨርሜክቲን ቢወጋ ነርቩ ተመርዞ ሽባ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም ይሞታል። መዥገሩን በወረንጦ ቆዳው ጋ ተጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ መንቀል ይበቃል። ልጆች ከነኩት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ኤሊ ሳይታመም ሳልሞኔላ የተባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ይሸከማል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ቅርፊቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊ እንዳይሸጥ የከለከለችውም ልጆች አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱት ነው።

የእንቁራሪት ነገር የባሰ ነው፤ እሷ በሽታ የምታሰራጨው በመስታወት ሣጥኗ ውኃ ነው። የእንቁራሪት ቆዳ የሚበላው ፈንገስ ባሌ ተራሮች ላይም ተገኝቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የዚህን ፈንገስ ዘመድ ለመከላከል ስትል እንሽላሊት የሚመስለውን የእንቁራሪት ዘመድ፣ የሳላማንደርን 201 ዝርያዎች እንዳይገቡ አግዳለች።

ሕጉን ሰምቶ የደነገጠ የግቢ ባለቤት መጀመሪያ የሚያስበው ኤሊውን በመኪና ጭኖ አዋሽ ዳር መልቀቅ ነው። ይህ አይደረግም። ከዶሮ፣ ከውሻና ከሌላ ኤሊ ጋር የከረመ እንስሳ ዱር ውስጥ ያሉትን ሊበክል ይችላል፤ መነሻው ኦሞ ይሁን አዋሽ የሚያውቅም የለም። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይሻላል። እስኪወስዱት ለብቻው ይለይ፣ ድርቆሽና ሊገባበት የሚችል ጠፍጣፋ የውኃ ሳህን ይቅረብለት፣ ማታ ነፋስ የማይገባው ክፍል ይደር።