ጭቃ አይደል እንዴ?

ሸክላ ሠሪ ጓደኛ አለኝ። ድሮ ባንክ ቤት ነበር የሚሠራው። ሥራውን ለቆ ስቱዲዮ ከከፈተ ወዲህ ዘመድ ባገኘው ቁጥር «እሺ፣ ሥራስ አገኘህ?» ይለዋል። ያውም እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ እያየው።

ድሮ ቢሆን የባሰ ይገጥመው ነበር። ሸክላ ሠሪ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል ያደግን ሰዎች ነን። በአዲስ አበባዋ የቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሠሪ ሴቶች ጀበና ቡናችንን እያፈላን፣ በምጣዳቸው እንጀራችንን እየጋገርን ዓይናቸውን ስንሸሽ ኖርን። ልጅ ሲታመም «ቡዳ በልቶት ነው» እንላለን። ወጡ ግን የሚንተከተከው በእነሱው ድስት ነው። (ጓደኛዬ ጅብ መሆን ቢችል ደስታውን አይችለውም። ጅብ የቤት ኪራይ አይከፍልም።) ዛሬ ያው አፈር መብራት በበራበት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ተሰልፈን ፎቶ እናነሳዋለን።

ሥራው ደግሞ ቀልድ አይደለም። አፈሩ ይቦካል፣ አየር እንዳይቀርበት ይታሻል። ሲኒው ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ቸኩለህ እርጥቡን እሳት ውስጥ ከከተትከው እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ይፈነዳል፤ አጠገቡ ያሉትንም ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ 1,000 ዲግሪ አካባቢ ይተኮሳል። ከዚያ ሥዕሉ ይሣላል፣ ግሌዝ (ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቅብ) ይቀባል፣ እንደገና ከ1,200 ዲግሪ በላይ እሳት ይገባል። ሥዕሉ የተሣለበት ኮባልት፣ ጥቁር ዱቄት የነበረው ቀለም፣ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። መብራት ካልሄደ ነው ታዲያ። ምድጃው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ጓደኛዬ በተኮሰ ቀን ስለት ያልተሳለለት ታቦት የለም።

ይህን ሁሉ አልፎ የወጣውን ሲኒ አንዷ ደንበኛ አገላብጣ አየችው። «ውይ ሲያምር! ስንት ነው?» ነገራት። «ምን? ጭቃ አይደል እንዴ? መርካቶ በዚህ ዋጋ ስድስቱን ከነማስቀመጫቸው ይሰጡኛል።» የተሰነጠቁትንና የፈነዱትን ማን ይቁጠርለት? «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ይባል የለ፣ እሱም ሻይ የሚጠጣው ጆሮው በተገነጠለ ኩባያ ነው።

ገዝቶ የሚሄደው ሰው ግን ይብሳል። እንዲጠጣበት የተሠራውን ዕቃ ወስዶ ቡፌ ውስጥ ይቆልፍበታል! ከምረቃ ፎቶውና ከፕላስቲክ አበባው መሃል። ሲኒው ዕድሜ ልኩን ቡና ሳይቀምስ ሊቀር ነው።

ባለፈው ጓደኛዬ ለሠርጋቸው ስድስት ሲኒ የሰጣቸው ባልና ሚስት ቡና ጠሩን። ረከቦቱ ላይ የተደረደረው ጠርዙ ወርቃማ የሆነ የቻይና ሲኒ ነው። ጓደኛዬ ዓይኑን ቡፌው ላይ ተከለ።

«የኔዎቹ እዚያ ምን ይሠራሉ?»

«እነሱማ ለእንግዳ ናቸው!» አለች ሚስትየዋ።

«እኔስ?»

«አንተማ የቤት ሰው!» ብላ አቦሉን በቻይናው ሲኒ አቀበለችው።