ወደር የለሽ ፐርሰንቶቻችን

እስቲ ዛሬ እንኳን ሰው እናመስግን። የሚወቀሰው በዝቶ የሚመሰገነው ጠፋ። እኔ ለምስጋና የመረጥኩት ፐርሰንት ጠርቶ ከስንቱ እንደሆነ የማይናገረውን፣ ፐርሰንት ሰምቶም «ከስንቱ?» ብሎ የማይጠይቀውን ጨዋ ሰው ነው። ሁለቱ ተገናኝተው ሲያወሩ መስማት እንዴት ደስ ይላል! አንዱ «60 ፐርሰንቱ እኮ እንደዛ ነው» ይላል። ሌላው «አትለኝም!» ይላል። አለቀ። ምኑ ነው 60? የማን? ማን ቆጠረው? ይህን የሚጠይቅ ሰው ነገረኛ ነው፤ ጨዋታ አያውቅም።

ድሮ ሰው «ብዙዎች»፣ «አብዛኛው»፣ «አንዳንዱ» እያለ ነበር የሚያወራው። ምን ዓይነት ፈሪ ትውልድ ነበር! «አብዛኛው» ያለ ሰው ወዲያው «አንተ ደግሞ፣ የት አይተህ?» ይባላል። «68 ፐርሰንቱ» ያለን ሰው ግን ማንም አይነካውም። ነጥብ ከተጨመረበት ደግሞ በቃ፣ ክርክሩ ተዘጋ። 70 ያልክ እንደሆነ ገምተህ ነው ይሉሃል። 72.73 ያልክ እንደሆነ ግን ዓመት ሙሉ ስትመራመር የከረምክ ትመስላለህ። ይህችን 72.73 ለማግኘት ታዲያ ብዙ ድካም የለውም። 11 ጓደኞችህን ጠይቅ፤ 8ቱ ከተስማሙልህ መጣች ማለት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ከየት መጡ? ከካልኩሌተሩ። ካልኩሌተር ደግሞ አይዋሽም።

የዚህ ጥበብ ሊቃውንት በብዛት የሚገኙት ስላይድ ባለበት አዳራሽ ነው። ሁለት ሠራተኛ የነበረው ድርጅት ሦስተኛ ይቀጥርና «የሰው ኃይላችን በ50 ፐርሰንት አደገ» ይላል። ውሸት አለው? የለውም። ሌላው ደግሞ አምና አንድም ደንበኛ አልነበረውም፤ ዘንድሮ አንድ አገኘ። ሂሳብ እዚህ ላይ እጁን ይሰጣል። ከዜሮ ተነስቶ በስንት ፐርሰንት እንዳደገ ለማወቅ በዜሮ ማካፈል ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ አይቻልም። ጀግናችን ግን ሂሳብ ስለተሸነፈ አይሸነፍም። «100 ፐርሰንት እድገት» ብሎ ጻፈው። ተጨበጨበለት።

ስላይዱን ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። ሁለት ዓምዶች ቆመዋል፣ የግራው አጭር፣ የቀኙ ረጅም። የቀኙ የግራውን ሦስት እጥፍ ያህላል። የደንበኞች እርካታ ነው፣ የአምናና የዘንድሮ። አቅራቢው በሌዘር መብራት ረጅሙን ከታች ወደ ላይ እየዳሰሰ «ለውጡን በዓይናችሁ ታያላችሁ» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይታያል። የማይታየው ከግርጌ በስተግራ ጉንዳን በምታክል ፊደል የተጻፈችው 94 ናት። ግራፉ የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከእሷ ነው። አምና 95 ነበር፣ ዘንድሮ 97 ሆነ። ከ94 ሲለካ የአንዱ ቁመት 1፣ የሌላው 3 ይሆናል። ከዜሮ ቢጀመር ኖሮ ሁለቱን ዓምዶች ለመለየት ማስመሪያ ይዞ ስክሪኑ ድረስ መሄድ ነበረብን። አቅራቢው ከዚህ ድካም አዳነን።

ፐርሰንትን በፐርሰንት የሚያሳድጉትስ? እነሱማ ሌላ ማዕረግ ይገባቸዋል። ወለድ ከ4 ፐርሰንት ወደ 6 ፐርሰንት ከፍ አለ እንበል። አበዳሪው «2 ፐርሰንት ብትጨምር ነው» ይላል። ተበዳሪው «በ50 ፐርሰንት አሻቀበ!» ብሎ ይጮኻል። ቆጠራ ውስጥ የገባ ሰው የመጀመሪያውን «2 የመቶኛ ነጥብ» ብሎ ይጠራውና ነገሩ ይለያል። ግን ማን ይለየዋል? ሁለቱም ባሉት ቁጥር ደስተኞች ናቸው። እንደዚሁ «በ50 ፐርሰንት ወርዶ ነበር፣ አሁን በ50 ፐርሰንት ተመልሷል፣ ተካክሷል» የሚል ሰው ስትሰሙ እንዳታርሙት። 100 የነበረው 50 ሆኖ፣ 50ው ሲያድግ 75 ላይ ነው የቆመው። የጎደለችው 25 የት ሄደች ብሎ የሚፈልግ ከተገኘ ያኔ ይታሰብበታል።

ፐርሰንት ብዙ ሰው ከተጠየቀበት ደግሞ ማን ደፍሮ ይናገረዋል! እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቅ በፖስታ በተነ። ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። አልፍ ላንደን በ57 ፐርሰንት ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ያሸነፈው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሆነ፣ ያውም በ61 ፐርሰንት ገደማ። ላንደን ያገኘው ከ48ቱ ግዛቶች 2ቱን ብቻ ነው። መጽሔቱ አድራሻዎቹን የሰበሰበው በዋናነት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ እናንተው ገምቱ። ከተጠየቁትም መልስ የላከው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። በዚያው ጊዜ ጆርጅ ጋለፕ የሚባል ሰው 50 ሺህ ገደማ ሰው ጠይቆ ሩዝቬልት እንደሚያሸንፍ ተናገረ። መጽሔቱ በ1938 ተዘጋ። ስህተቱ ግን አልተዘጋም፤ ዛሬ «ተከታዮቼን ጠይቄ 91 ፐርሰንቱ ይደግፈኛል» በሚል ሰው ስልክ ውስጥ በሙሉ ጤንነት ይኖራል። የሚጠላውማ መቼ ተከተለው!

አሠልጣኞችን ሳላመሰግን ባልፍ ቅር ይለኛል። ስልጠና ላይ ተቀምጦ «ከምንግባባው 93 ፐርሰንቱ በቃል አይደለም» ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። 55 በፊት ገጽታ፣ 38 በድምፅ ቃና፣ 7 ብቻ በቃላት። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ሜራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካወጣቸው ሁለት ጥናቶች ነው። ጥናቶቹ ነጠላ ቃላትን በተለያየ ቃና እያሰሙ፣ ሰሚው ተናጋሪው ወደደ ወይስ ጠላ የሚለውን እንዴት እንደሚገምት የፈተሹ ናቸው። ሰውየው ራሱ ይህ ቀመር ስለ ስሜትና ስለ መውደድ መጥላት ካልሆነ በቀር አይሠራም ብሎ ተናግሯል። ማን ሰማው? ምናልባት ፊቱን ስላላዩት ይሆናል። አሠልጣኙ ግን ይህን የ93 ፐርሰንት ነገር ለሁለት ሰዓት በቃላት ያስረዳናል። በ7 ፐርሰንቱ መሆኑ ነው።

ማስታወቂያ ሠሪዎችም ቀላል ሰዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ስመ ጥር የጥርስ ሳሙና «ከ80 ፐርሰንት በላይ የጥርስ ሐኪሞች ይመክሩታል» እያለ ሲያስተዋውቅ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው አስቆመው። ለካ ሐኪሞቹ ሲጠየቁ ከአንድ በላይ ሳሙና መጥራት ይችሉ ነበር። የተፎካካሪው ሳሙናም የዚያኑ ያህል ተመክሯል ማለት ይቻላል። ሰሚው ግን 80ው ለአንዱ ከሄደ ለሌሎቹ የቀረው 20 ነው ብሎ ነበር የደመደመው። ቁጥሩን ማንም አልዋሸበትም። የዋሸው ሰሚው ጭንቅላት ውስጥ ያለው መደመሪያ ነው።

ሙሉው ተነግሮም እንኳ ልብ የሚያወልቅ ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለድህረ ምረቃ ካመለከቱት ወንዶች 44 ፐርሰንቱ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 35 ፐርሰንቱ ተቀባይነት አገኙ። አድልዎ ነዋ! የትምህርት ክፍሎቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ግን በሴቶች ላይ የጎላ አድልዎ አልተገኘም፤ እንዲያውም ጥቂት ወደ ሴቶች ያደላ ነበር። ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ለመግባት አስቸጋሪ ወደሆኑት ክፍሎች ነበር። ይሄ አሳብ ይጠይቃል፣ ስለዚህ እንለፈው። አሳብ የሚጠይቅ ፐርሰንት ለሼር አይመችም።

አንድ ነገር ላይ ግን ምስጋናዬ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1995 የእንግሊዝ የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ አዲስ ዓይነት የወሊድ መከላከያ እንክብሎች በደም ስር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ እጥፍ ያደርጋሉ ሲል አስጠነቀቀ። እጥፍ ማለት 100 ፐርሰንት ጭማሪ ነው። ሚዲያው ተቀባበለው። ብዙ ሴቶች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ። «ከስንቱ?» ያለ ሰው ቢኖር መልሱ እንዲህ ነበር፦ ቀድሞ ከ7,000 ሴቶች በአንዷ ላይ ይደርስ የነበረው አሁን በሁለቱ ላይ ይደርሳል። ከ7,000 አንዲት ሴት ጨመረች። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ተገምቷል። እርግዝና ራሱ ደግሞ ደም የማርጋት አደጋው ከእንክብሉ ይበልጣል። 100 ፐርሰንት ያለው ሰው አልዋሸም። ከ7,000 አንድ ብሎ ቢጽፈው ግን ማን ርዕስ ያደርገዋል?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የተካነው ሰው ፐርሰንት መቼ እንደሚጠራ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደማይጠራም ያውቃል። ፐርሰንቱ ሲያምር ፐርሰንት፣ ብዛቱ ሲያምር ብዛት። አንድ ፎቶ ተለጠፈ፤ 20 ሺህ ሰው አየው፤ ሦስት ሰዎች ተሳደቡ። በማግስቱ «ፎቶው ከፍተኛ ቁጣ ቀሰቀሰ» የሚል ርዕስ ይወጣል። ፐርሰንት ወዳዱ ወገናችን እዚህ ላይ ዝም! ቢያሰላው 0.015 ነዋ የሚመጣው። 0.015 ፐርሰንት ቁጣ ማንን ያስደነግጣል? ሦስቱ ተሳዳቢዎች ግን ስክሪንሾት ተደርገው፣ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በቀይ ተከበው ሲወጡ ሕዝብ ያህላሉ።

በሰውነት መጠን ላይ የሚራቀቁትም አሉ፤ ስለነሱ ብዙ አልልም። ፊታቸውን በስልክ አስለክተው 1.618፣ ማለትም የውበት ልክ ነው የሚባለው ወርቃማው ምጥጥን፣ እንደተገኘባቸው የሚነግሩን ማለቴ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ። መለኪያውን ከአገጭ ወይም ከከንፈር፣ ከቅንድብ ወይም ከፀጉር መብቀያ መጀመር የእናንተ ምርጫ ስለሆነ ያልተገኘበትም ሰው አይቀር። በጥንታዊ ሕንፃዎች ላይም የሚገኘው በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ነው፤ ካልመጣ ከአንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መለካት።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን ራሱን በፐርሰንት የሚሰጠውን ነው። «መቶ በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ዱሮ ይበቃ ነበር። አሁን መቶ በመቶ ያለ ሰው የተጠራጠረ ይመስላል። 200 ፐርሰንት እርግጠኛ መሆን አለብህ። ሥራ ላይም 110 ፐርሰንት የማይሰጥ ሰው ሰነፍ ነው። ተጨማሪዋ 10 ከማን ላይ ተወስዳ እንደመጣች አይጠየቅም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ጨዋነት ሲደነቅ አንድ ገደብ እንዳለው መናገር አለብኝ። ሮማዊው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ በጨረታ ከሚሸጥ ዕቃ ላይ ከመቶ አንድ እጅ ቀረጥ ጥሎ ነበር። እርግጠኛ ነኝ (200 ፐርሰንት) ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ «ከስንቱ ላይ?» ብለው ሳይጠይቁ አንድ ቀን አልዋሉም። ገንዘብ ባለበት ይህ ጥያቄ መቼም ጠፍቶ አያውቅም።

ስላይድ አቅራቢው ወዳጃችን አለቃው ቢሮ ተጠርቶ ሲገባ ማየት ነበር። አለቃው ፈገግ ብሎ «ለጥረትህ የዘንድሮውን የደመወዝ ጭማሪህን በ50 ፐርሰንት አሳድገነዋል» አለው። ጀግናችን አላጨበጨበም። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገና ስልኩን አውጥቶ ካልኩሌተሩን ከፈተ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ የምኑ 50 ፐርሰንት ነው?»

«የጭማሪህ ነዋ። አምና 2 ፐርሰንት ነበር የጨመርንልህ። ዘንድሮ 3 ሆነ።»

«1 ነው እንዴ የጨመረው ታዲያ?»

አለቃው ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረለት። ስክሪኑ ላይ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል፤ ግራፉ የሚጀምረው ከ1.9 ነው።