ባዕድ የነገሠበት ቃል

ስብሰባ ላይ ሐሳብ ያጠረው ሰው ቃል ያስረዝማል። እኔም አንድ ቀን «ይህ አሠራር ይለወጥ!» ብዬ ስሟገት፣ ክብደት እንዲጨምርልኝ «አንቲዲስኢስታብሊሽመንቴሪያኒዝም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መዘዝኩ። መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፤ አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ ትን ያለኝ መስሏቸው ውሃ አቀበሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ቃሉን ብልት በብልት አወጣሁት። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ 28 ፊደል፣ ሲነገር 12 ቀለም (አንድ ጊዜ አፍ ከፍተን የምንለው የድምፅ ክፍል)። የቤቱ ባለቤት «ኢስታብሊሽ» ነው፤ «መሠረተ፣ አቋቋመ» የሚል ባለሦስት ቀለም ጨዋ ግስ። ከዚያ ባዕዶቹ መጡ። (ሰዋስዋችን ከፊት የሚለጠፈውን ባዕድ መነሻ፣ ከኋላ የሚለጠፈውን ባዕድ መድረሻ ያለው ለካ ቢቸግረው ነው።) «ዲስ» ከፊት ገብቶ የተመሠረተውን አፈረሰ። «መንት» ግሱን ስም አደረገው። ሁለቱም ግን ሥነ ሥርዓት አላቸው፤ አጽንኦቱን፣ ማለትም ጎላ ብሎ የሚነገረውን ድምፅ፣ «ታብ» ላይ እንደተቀመጠ ተዉት።

ጉዱ የመጣው በ«ኤሪያን» ነው። ከ«መንት» ጫፍ ላይ «ት»ን ነጠቀና «ቴ» ሆኖ ዋናውን አጽንኦት ጠቀለለው። ምስኪኑ «ታብ» ግን አልተባረረም፤ ሁለተኛ ደረጃ አጽንኦት ተሰጥቶት እዚያው ቀረ። እንደ መሥሪያ ቤት ቋንቋ «አማካሪ» ሆነ ማለት ነው። «ኢዝም» ከኋላ መጥቶ ማንንም ሳያስነሳ ጥግ ያዘ፤ «አንቲ» ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ተቃወመ።

የእኛ ጆሮ የሚያዳምጠው መጥበቅና መላላትን ነው፤ «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ይሆናል። የእንግሊዝኛ ጆሮ የሚያድነው ግን ጎልቶ የሚወጣውን ቀለም ነው። እኔ 12ቱንም ያለ አድልዎ እኩል ቀጠቀጥኳቸው።

ከሁሉ የባሰው ትርጉሙ ነው። ቃሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዞች ክርክር ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ትለይ የሚሉትን የሚቃወም አቋም። አየርላንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1869 በወጣ ሕግ፣ ዌልስ ላይ በ1920 ተለያዩ፤ እንግሊዝ ውስጥ እስከ ዛሬ አልተፋቱም። ለካ ያን ሁሉ ቀለም አቋርጬ፣ ላብ አጥምቆኝ ያልኩት «ባለበት ይቆይ» ነው!

በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ አንገቴን ደፋሁ። ጸሐፊዋ ግን ቃሉን አልጻፈችውም። «አንድ ተሰብሳቢ ረዘም ያለ አስተያየት ሰጥተዋል» ብላ አልፋዋለች።