በነፍሶ በኩል

እስከዚያ ሠልስት ቀን ድረስ ተራ ሰው ነበርኩ። ድንኳን ውስጥ ንፍሮዬን እየቆረጠምኩ ሳለ አጎቴ ጠጋ አሉና፣ "አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ዘር እንደሆንክ ታውቃለህ?" አሉኝ። የማውቀው እስከ አያቴ ነው፤ እርሱንም መታወቂያዬ ላይ ስለተጻፈ።

አጎቴ ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። ሰባት ቤት መቁጠር ሊጋቡ ያሰቡ ወጣቶችን ለማለያየት ብቻ የሚያገለግል ይመስለኝ ነበር። አራተኛው ጣት ላይ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ። አባ ነፍሶ!" አሉ። ቀጥለውም፣ ለቅሶ ቤት መሆናችንን ረስተው፣

"ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ፣
መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ"

ብለው ፎከሩ። ሟች ተረሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አረማመዴ ተለወጠ። የደጃዝማቹን ፎቶግራፍ አሳጥቤ ሳሎን ሰቀልኩ። የታክሲ ረዳት መልስ ሲያጎድልብኝ ድሮ ዝም እል ነበር፤ አሁንም ዝም እላለሁ፣ ግን አፍጥጬ። በስማቸው በተሰየመው ሆስፒታል በኩል ባለፍኩ ቁጥር የርስቴን አጥር እንደሚጎበኝ ሰው አንገቴን አስግጌ አያለሁ። በ1920 ዓ.ም. ጦራቸውን ንፋስ ስልክ አስፍረው ቤተ መንግሥት ግብር ገብተው ሲመለሱ ሰፈሩ ባዶ ሆኖ እንደጠበቃቸው ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ ግብዣ ስጠራ "እኛ ቤት ግብዣ አይሆንልንም" እላለሁ። ብዬም እሄዳለሁ።

ጉዱ የመጣው ከጎረቤቴ፣ ጡረታ ከወጡት የታሪክ መምህር ነው። ፎቶግራፉን አይተው፣ "ምንህ ናቸው?" አሉኝ።

"የቅድመ አያቴ አባት።"

መምህሩ ቡናቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ ባልቻ እኮ ገና በልጅነታቸው የተሰለቡ ሰው ናቸው። ልጅ ከየት አምጥተው?"

ዓድዋ ላይ የተረፈው መድፍ የተተኮሰብኝ መሰለኝ።

አጎቴ ዘንድ በረርኩ። አልደነገጡም። "ማን በቀጥታ አለ? በወንድማቸው በኩል ነው።" የወንድማቸውን ስም ስጠይቅ፣ "በእህታቸው" አሉ። የእህታቸውን ስም ስጠይቅ፣ "ዝምድና በደም ብቻ ነው እንዴ? የክርስትና ልጅስ?" አሉ። እኒህ ሰው የአንድ እናት ልጅ የሆነች እህታቸው እዚሁ ከተማ ጉሊት ስትቸረችር ዓመት በዓል ካልሆነ ደጇን አይረግጡም። ደግሞስ የእርሳቸው ጥፋት ብቻ ነው? ዓድዋ ግንባር ቀደም ሆኖ ያልተዋጋ ቅድመ አያት ያለው ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ስንቅ የተሸከመው፣ በቅሎ የጠበቀው ሁሉ ሳይወልድ የሞተ ይመስላል።

በመጨረሻ አጎቴ ተነፈሱ። "እሺ፣ እውነቱን ልንገርህ። ቅድመ አያትህ የደጃዝማቹን ፈረስ ይቀልብ ነበር ይባላል።"

"ታዲያ ዝምድናው የቱ ጋ ነው?"

"አባ ነፍሶ የተባሉት በማን ስም ሆነና? በፈረሱ አይደለም? ያንን ፈረስ በእጁ አብልቶ ያሳደገው ማን ነው?"

ፎቶግራፉ አሁንም ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ መጥቶ ዝምድናችሁ በማን በኩል ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ኮራ ብዬ፣ "በነፍሶ በኩል" እላለሁ። ውሸት የለበትም።