ዝናብ ሲዘንብ የድሮ እንግሊዝ ድራማ ነው እንጂ

ሐምሌ ላይ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከቤት መውጣት የሚባል ነገር የለም፣ ጋቢ ደርቦ ቆሎ ይዞ ሶፋ ላይ መጠቅለል ነው። እኔ እንደዚ ባለ ማታ የምወደው የድሮ ዘመን የእንግሊዝ ድራማ ነው፣ ያው ረጅም ቀሚስ፣ ሰረገላ፣ ሻማ ምናምን ያለበት። አንድ ጓደኛዬ ግን ሁሌ ይስቅብኛል፣ «ሰው ሻይ እየጠጣ ሲያወራ ስድስት ሰዓት ሙሉ ታያለሽ?» ይለኛል።

እውነቱን ነው፣ ያወራሉ። ግን እኮ የሚያወሩትን ሳይሆን የማያወሩትን ነው የምታዩት። እነዚ ድራማዎች ከላይ እስከታች ይሉኝታ ናቸው፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ዘመድ ምን ይላል፣ እንዴት ብዬ አፍ አውጥቼ እናገራለሁ። ይሄንን ከኛ በላይ የሚረዳ ተመልካች የት ይገኛል?

ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስን እንውሰድ፣ ፊልሙን ሳይሆን ቢቢሲ በ1995 የሰራውን (እዚ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ኮሊን ፈርዝና ጄኒፈር ኢሊ የሚጫወቱበትን። ስድስት ክፍል ብቻ ነው፣ መቶ ምናምን ክፍል የቱርክ ድራማ ቃና ላይ ለጨረሰ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። አምስት ሴት ልጆች አሉ፣ ወንድ የለም፣ ርስቱ ደሞ ለወንድ ብቻ ስለሚተላለፍ አባትየው የሞቱ ቀን ቤቱ ለአንድ ደረቅ ዘመዳቸው ይሄድና እናትና ልጆች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። እናትየው ባል ባል እያሉ ሲጮሁ መጀመሪያ ያስቃሉ፣ ቆይቶ ግን እዛ ቤት ውስጥ ሂሳቡ የገባው ሰው እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ትረዳላችሁ። ለሰፈሩ እንግዳ የሆነው ሀብታሙ ሚስተር ዳርሲ በዓመት 10,000 ፓውንድ እንደሚያገኝ ገና ግብዣው ላይ ሳይደላደል አዳራሹ በሙሉ አውቆታል፣ በቃ ሰፈር በሉት።

ሶስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ዳርሲ ከአምስቱ ልጆች አንዷ ኤልዛቤት ጋ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ክፍሉን ይዞራል፣ ከዛ በአንድ ትንፋሽ እወድሻለሁ ይላታል፣ እሱን ሳይጨርስ ደሞ ቤተሰብሽ አይመጥነኝም፣ ስንት ታግዬ አቅቶኝ ነው የመጣሁት ይላታል። እማዬ ይሄን ስተረጉምላት ሻይዋን አስቀመጠችና «ሽማግሌ ቢልክ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አለች። ልክ ናት።

ዳውንተን አቤይን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አላስረዝምም። ከ2010 እስከ 2015 የታየ ስድስት ሲዝን ነው፣ ታሪኩ 1912 ታይታኒክ መስጠሟ ሲሰማ ይጀምራል፣ የቤቱ ወራሽ መርከቧ ላይ ነበር። ለጌታው የሚሄደው ጋዜጣ ቀለሙ እንዲደርቅ መጀመሪያ በካውያ ይተኮሳል፣ በዚች ብቻ ምን አይነት ቤት እንደገባችሁ ይገባችኋል። በ2024 ያረፈችው ማጊ ስሚዝ የምትጫወታት አያት ደሞ «ዊክኤንድ ምንድነው?» ብለው በቁምነገር ይጠይቃሉ። ስራ ሰርተው የማያውቁ ሴትዮ ቅዳሜ ከማክሰኞ በምን ይለይባቸዋል? ሲሳደቡም በሰምና ወርቅ ነው፣ ተሰዳቢው የሚገባው ቤቱ ሲደርስ ነው። ከሶስተኛው ሲዝን በኋላ ግን ተንዛዝቷል ባይ ነኝ።

ዘ ክራውንና ብሪጀርተን ኔትፍሊክስ ላይ ናቸው፣ ማንም ሳይነግራችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ከዘ ክራውን ክሌር ፎይ ንግስት ኤልሳቤጥን የሆነችባቸውን ሁለቱን ሲዝኖች እዩ፣ በተለይ በ1952 ለንደንን ጭስና ጉም ያፈናት ጊዜ ያለውን ክፍል።

ለዛሬ ማታ ግን አንድ ምረጪ ካላችሁኝ ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ ነው፣ የቢቢሲው፣ 2004 የወጣው። በዚ ስም የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ድራማም ስላለ እንዳትሳሳቱ። አራት ክፍል ነው። ማርጋሬት የምትባል የደቡብ እንግሊዝ ልጅ፣ ቄስ አባቷ ህሊናቸው አልፈቅድ ብሎ ክህነቱን ሲተዉ፣ ሰሜን ወዳለ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ትመጣለች። የፋብሪካውን በር ከፍታ ስትገባ አየሩ በሙሉ ነጭ ነው፣ የጥጥ ብናኝ እንደ በረዶ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ በጣም ያምራል፣ እና እዛው ቆማ እያየች የፋብሪካው ባለቤት ሚስተር ቶርንተን ፋብሪካ ውስጥ ያጨሰውን ሰራተኛ አሳዶ ሲደበድብ ታያለች። ጨካኝ ትሉታላችሁ፣ ግን ጥጥ ባለበት አንድ ክብሪት ስንት ሰው ይፈጃል። ያ የሚያምረው ብናኝም ሳንባ እየገባ ሰራተኞቹን ይገላል፣ ማርጋሬት የምትወዳጃት ቤሲ የምትባል ልጅ ስታስል ያንን ነጭ አየር እንደገና ታስታውሱታላችሁ። አድማውም አለ፣ የሰራተኛውም የአለቃውም ብሶት እኩል ነው የሚሰማችሁ፣ ማን ልክ እንደሆነ ቁጭ አድርጎ አይነግራችሁም። ቶርንተንን የሚጫወተው ሪቻርድ አርሚቴጅ ደሞ፣ ሰረገላዋ ስትሄድ በረዶ ውስጥ ቆሞ «ዞር ብለሽ እይኝ» የሚላት ለራሱ ነው፣ አትሰማውም። ይሉኝታ ያልኳችሁ ይሄንን ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ጄና ኮልማን ንግስት ቪክቶሪያን የምትጫወትበት ቪክቶሪያ የሚል ድራማ አለ፣ ሶስት ሲዝን ሄዶ ታሪኩ 1851 ላይ ቆመ። እኔ ደሞ 1868ን ነበር የምጠብቀው፣ ከመቅደላ በኋላ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል አለማየሁ በሰባት ዓመቱ እንግሊዝ የተወሰደበትን። ንግስቲቱ ታውቀው ነበር፣ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ሲሞት ማስታወሻዋ ላይ አዝና ጽፋለች፣ ዊንድሰር የቀበረችውም እሷ ነች። በ2023 ቤተመንግስቱ አፅሙን አንመልስም ብሏል። ስንት የኳስ ሜዳ የሚያክል ሳሎን ውስጥ ስለተጠፋፋ ደብዳቤ የሚሰሩ ሰዎች ለዚ ልጅ አራት ክፍል ይነሳቸዋል?

የትኛው የት እንዳለ እንደምትኖሩበት አገር ስለሚለያይ ስሙን ፈልጉት። ሰብታይትል ክፈቱ፣ የሰሜኖቹ አነጋገር እንግሊዝኛ እናውቃለን የምንለውንም ያስቸግራል። እማዬ ያለ ሰብታይትል ነው የምታየው፣ ፊታቸው ይበቃኛል ትላለች።