ተምረው ለጨረሱት የቀረበ ምስጋና

ጎጃም የሚመሰገንበት ብዙ ነገር አለው፤ ጤፉም፣ ማሩም፣ ቅኔውም በየተራቸው ተመስግነዋል። ሳይመሰገኑ የቀሩት የቤትና የቦታ ደላሎቻችንና የንብረት ገማቾቻችን ናቸውና ይህችን አጭር ጽሑፍ ለእነርሱ ማበርከት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። እነዚህ ሰዎች ሌላው ዓለም ገና ያልደረሰበት ደረጃ ላይ ደርሰዋል፤ ተምረው ጨርሰዋል።

የአሜሪካኖቹን መከራ ላየ ሰው የእኛዎቹ ታላቅነት ይበልጥ ይገለጥለታል። የካሊፎርኒያ ደላላ ፈቃዱን ለማሳደስ በየ4 ዓመቱ 45 ሰዓት መማር ይጠበቅበታል። የአሜሪካ የንብረት ገማች ደግሞ በየ2 ዓመቱ ቢያንስ 28 ሰዓት ይማራል፤ ከዚያ ውስጥ 7ቱ ሰዓት ባለፈው ዙር የተማረውን የግመታ ደረጃ እንደገና የሚከልስበት ነው። ሠላሳ ዓመት በሥራው ላይ የቆየ፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው እንደ ጀማሪ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ ያሳዝናል። የእኛው የዋሸራ ቅኔ ተማሪም ያው ነው፤ ከአንዱ መምህር ተመርቆ ሲወጣ ሌላ መምህር ፍለጋ ወንዝ ይሻገራል፤ ምስኪን፣ መጨረስን አልታደለም።

የደብረ ማርቆስና የፍኖተ ሰላም ደላላ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ቢሮው ስልኩ፣ መዝገቡም ጭንቅላቱ ነው። ካርታ አለው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ «በሂደት ላይ ነው» ይላል፤ ሂደቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ግን ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሎ ቢደነግግም፣ ደላላችን ቦታውን በካሬ ሜትር አስማምቶ ሲያበቃ ውሉ ላይ የተሸጠው ጥጉ ላይ የቆመችው የጭቃ ቤት ናት ብሎ ያስጽፋል። ይህን ያህል የሕግ ጥበብ በየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት ሥልጠና ይገኛል? ገለልተኝነቱም ቢሆን የሚደነቅ ነው፤ ኮሚሽኑን ከሻጩም ከገዢውም እኩል ይቀበላል።

ከሁሉ በላይ ምስጋና የሚገባቸው ግን በየወረዳው የካሳ ገማች ኮሚቴ ውስጥ የምናውቃቸው ነባር አባል ናቸው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ስለሚከፈል ካሳ በወጣው በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ዘመን መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ ካሳው የሚሰላው የ5 ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ግን ይህን ለውጦ፣ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 ይባዛ አለ። አንድ ገበሬ በተከታታይ 20፣ 22፣ 24፣ 30 እና 40 ሺህ ብር አገኘ እንበል። በአሮጌው ስሌት 272 ሺህ፣ በአዲሱ 600 ሺህ ብር ይደርሰዋል። አዲሱን አዋጅ ያልከለሱ ነባር አባል 328 ሺህ ብር በአንዲት ብዕር ጫፍ ለመንግሥት ያተርፋሉ፤ ይህን የመሰለ ቆጣቢ ሠራተኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ ማስተማር የአገርን ሀብት ማባከን አይሆንምን?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩቱ ግመታን በዲግሪ ማስተማሩ የሚያስከትለው ችግር እዚህ ላይ ይታያል። ከዚያ የወጣ ወጣት ኮሚቴው ውስጥ ገብቶ «አዋጁ እኮ ተሻሽሏል» ቢል፣ ነባሩ አባል በአባትነት መንፈስ «ልጄ፣ ትምህርት ቤትና ሥራ ለየቅል ነው» ብለው ይመክሩታል። ወጣቱ አስተዋይ ከሆነ በዓመቱ እርሱም ይጨርሳል።

ሥልጠና ጨርሶ የለም ብዬ ግን አላማም። አንዳንድ ጊዜ ጣና ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ይጠራል፤ ባለሙያዎቻችንም ጥሪውን አክብረው ይመጣሉ፣ በጠዋት ይፈርማሉ፣ ላልመጣው ባልደረባቸውም ይፈርሙለታል። ከሻይ ዕረፍት በኋላ አዳራሹ ስለሚሳሳ አሠልጣኙ በነፃነት ያስተምራል። ጥያቄ ያለው ሰው ሲባል ከኋላ አንድ እጅ ይነሣል፤ ጥያቄውም አበሉ የጉዞ ቀንን ይጨምራል ወይ የሚል ነው። ማታ ሁሉም የምስክር ወረቀቱን ይዞ ፎቶ ይነሣል፤ ወረቀቱም በመስታወት ተደርጎ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታ አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ፣ ነገ ደግሞ በየጊዜው ካልተማራችሁ ይሉን ይሆን የሚል ሥጋት በባለሙያዎቻችን ዘንድ ይሰማል። እንዲህ ያለ ነገር የግድ ከሆነ ሥልጠናው ለትክክለኛው ሰው ይሰጥልን። አዲሱን የካሳ አዋጅ በእጁ ይዞ፣ በጣቱ እየቆጠረ፣ ለምን በ15 አልተባዛልኝም ብሎ ኮሚቴውን የሚያስቸግረው ገበሬው ነው። እርሱን በየ2 ዓመቱ 28 ሰዓት አስቀምጠን፣ 7ቱን ሰዓት ደግሞ ማባዛትን በሚያስረሳ ክለሳ ብናሳልፈው፣ ኮሚቴው ሥራውን በሰላም ይሠራል።