አምቡላንሱ ለማን ሊደርስ ነው?

ሰሞኑን እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ በአንድ የወረዳ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። በገበያ ቀን ሰው አይሱዙ ጭነት ላይ ቢሳፈር ዝም ሊባል ተወስኗል። መኪና ስለሌለ ከእጅ ይሻላል ዶማ ነው አሉ። አደጋ ቢደርስም አምቡላንስ አለን አሉ። ተጨበጨበላቸው።

አምቡላንሱ ለማን ሊደርስ ነው?

የሰው አንገት 7 አጥንት አለው። በውስጡ የአንጎልን ትእዛዝ ወደ ሰውነት የሚያደርሰው ህብለ ሰረሰር ያልፋል። የምንተነፍስበትን ዋና ጡንቻ የሚያዘው ነርቭ የሚነሳው ከ3ኛው እስከ 5ኛው የአንገት ክፍል ነው። ከኩንታል ጫፍ በጭንቅላቱ የተተከለ ሰው ህብለ ሰረሰሩ ከዚያ በላይ ከተበጠሰ ትንፋሹ እዚያው ይቆማል። ደም ላይፈስ ይችላል። ቁስልም ላይታይ ይችላል። አንጎል ደግሞ ያለ አየር ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይታገስም። በጥቂት ደቂቃ የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ የሚወርድ አምቡላንስ አለ? ደጀን ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቢጠብቅ እንኳ አይደርስም!

አይቻለሁ። ከደጀን ወደ ዓባይ ስንወርድ አንድ አይሱዙ ተገልብጦ ደረስን። ጤፉ አስፋልቱ ላይ ፈሷል። አንድ ወጣት በጀርባው ተኝቷል። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ደረቱ አይንቀሳቀስም። «ደንግጦ ነው» አለ አንዱ። ሁለቱ በብብቱ፣ ሁለቱ በእግሩ ይዘው አነሱት። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። አንገቱን የያዘለት ሰው አልነበረም። እኔም አልያዝኩለትም፤ አላውቅም ነበር። ጭንቅላትና አንገትን በሁለት እጅ ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ ሰውነቱን እንደ ግንድ ባንድነት ማዞር፣ ሳንቃ ላይ ማስተኛት፦ ይሄን በየቀበሌው ማስተማር ስንት ብር ይፈጃል?

«ሕዝቡ ራሱ ለምኖን ነው የሚወጣው» የሚባለው ግን ያንገበግበኛል። ዶሮዋን አቅፋ ኩንታል ጫፍ ላይ የምትቀመጥ እናት ወድዳ ነው የወጣችው? ጤፉ እንኳ በገመድ ይታሰራል። እሷ የምትይዘው ያንኑ ገመድ ነው። ጋቢና ያለው ሾፌር ቀበቶ አለው፤ ብዙዎቹ የሚያስሩት ትራፊክ ሲያዩ ቢሆንም። ከላይ ላለችው ምን ተሰጣት? ባህር ዛፍ ሲቆርጥ ወድቆ፣ ከፎቅ መወጣጫ ላይ ተንሸራትቶ አንገቱ የተሰበረም አለ። እነሱ ጋ ቢያንስ «ፈቅደናል» ያለ ባለሥልጣን አልሰማሁም።

የትራንስፖርት ችግሩ እውነት ነው። ግን ለስብሰባ ሰው ማጓጓዝ ሲፈለግ አውቶቡስ ከየት ነው የሚመጣው? ያንኑ አውቶቡስ በገበያ ቀን ላኩት። ትራፊክ ፖሊሱም ሰው የጫነውን አይሱዙ ከከተማ ሳይወጣ ያስቁመው። ውሳኔው ደግሞ ይሻር፤ ቅዳሜ ገበያ ሳይደርስ።